«ቤቱ መንፈስ አለበት» ከማለታችሁ በፊት ከሰሉን አውጡት

 

ክረምት ሲገባ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ አንድ ዓይነት መልእክት አለ። ላኪው ይለያያል፣ ነገሩ ግን አንድ ነው። «ዶክተር፣ እዚህ ቤት ከገባን ወዲህ ሰላም አጣን። ሌሊት ደረቴ ላይ የሚቀመጥብኝ ነገር አለ። ልጄ እየባነነች በሩ ላይ ሰው ቆሟል ትላለች። ባለቤቴን ጆሮው ይጮህበታል። ጠዋት ሁላችንም ራሳችንን ይዘን ነው የምንነሳው። ጎረቤቶች ደግሞ ከእናንተ በፊት የነበሩትም እንዲህ ሆነው ነው የለቀቁት አሉን። ምን ትመክረናለህ?»

እኔም መልሼ የምጠይቀው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ማታ ከሰሉ የት ነው የሚያድረው?»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቀየመኛል። «እኔ ስለ መንፈስ አወራሃለሁ፣ አንተ ስለ ከሰል ታወራለህ!» ያለችኝ እናት አለች። አልፈርድባትም። ልጇ በሌሊት እየጮኸ ለሚነሳባት እናት የእኔ ጥያቄ ቀልድ ይመስላል።

ዛሬ ሳልሸፋፍን ልናገር። መንፈስ አለ ወይስ የለም ብዬ ልከራከር አልመጣሁም። ያ የእኔ ሙያ አይደለም፤ እምነታችሁንም አልነካም። ክርክሬ «መንፈስ ነው» ብሎ ፍለጋውን እዚያው ላይ ከሚያቆመው ሰው ጋር ነው። ጎረቤት ይሁን፣ ዘመድ ይሁን፣ በቪዲዮ እየወጣ ቤት «የሚያጸዳ» ይሁን፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ የእኔ ቢጤም ይሁን። ምክንያቱም ያ ቃል አንዴ ከተነገረ በኋላ መስኮት የሚከፍት ሰው የለም። ቤተሰቡ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ እዚያው ከሰል አጠገብ ይተኛል፤ ያውም ክፉው ነገር እንዳይገባ በሩን ጠበቅ አድርጎ ዘግቶ።

ይህ ነገር የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1921 ዊልያም ዊልመር የተባለ አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ በዓይን ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት በአንድ የዓይን ሕክምና መጽሔት ላይ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ የአንዲት እናት ምስክርነት ይገኛል። ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በ1912 ሰፊ፣ አሮጌ ቤት ይገባል። ብዙም ሳይቆይ ሰው በሌለበት ክፍል የእግር ኮቴ መሰማት ይጀምራል። አባትየው ከኋላው ሰው የቆመ እየመሰለው ዞር ዞር ይላል። የማትታወቅ ሴት ቤት ውስጥ ታየች ተባለ። ሌሊት አልጋው ላይ አንድ ነገር የሚጫነውም ነበር። ልጆቹ ገረጡ፤ ራሳቸውን ያማቸዋል፤ ሁልጊዜ ይደክማቸዋል። የቤት ውስጥ አበቦች እንኳ ደረቁ። በኋላ አንድ ዘመዳቸው ነገሩን ሲሰማ «እናንተ እየተመረዛችሁ ነው» አላቸው። የቤቱ ማሞቂያ ሲፈተሽ ተበላሽቷል፤ በጭስ ማውጫው መውጣት የነበረበት ጋዝ ወደ ክፍሎቹ ይገባ ነበር። ማሞቂያው ተጠገነ። ኮቴውም፣ ሴትየዋም፣ የልጆቹ ራስ ምታትም አብረው ጠፉ።

አሁን ያንን ታሪክና ከላይ የጻፍኩላችሁን መልእክት ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ። አንዱ የተጻፈው ከመቶ ዓመት በፊት በሌላ አህጉር ነው፤ ሌላው ባለፈው ሳምንት ነው የደረሰኝ። ደረት ላይ የሚቀመጥ ነገር፣ የቆመ ሰው፣ የልጆች መገርጣት፣ የጠዋት ራስ ምታት።

ጋዙ ምን እንደሚያደርግ በቀላሉ ላስረዳ። ደማችንን እንደ ሚኒባስ ታክሲ አስቡት፤ ወንበሮቹ ኦክስጅን የሚቀመጥባቸው ናቸው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲመጣ ወንበሩን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል፤ ቶሎም አይወርድም። ታክሲው ሞልቶ ይሄዳል፤ ኦክስጅን ግን ፌርማታው ላይ ቀርቷል። መጀመሪያ የሚጎዱት ኦክስጅን ብዙ የሚፈልጉት አንጎልና ልብ ናቸው። ስለዚህ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጆሮ ይጮኻል፣ ልብ ይመታል፣ እይታ ይደበዝዛል፣ ሐሳብ ይዘበራረቃል። ጉልበት ይከዳል፤ «ልነሳ ብዬ አንድ ነገር ይዞ አስቀረኝ» የሚባለው ይሄ ነው። አንዳንዱ ደግሞ የሌለ ነገር ያያል፣ ይሰማል። ጋዙ አእምሮን ያደነዝዛል፤ ለደነዘዘው አእምሮ መልክ የሚሰጠው ግን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ያደግነው ታሪክ ነው።

ከሰዎች ጋር ስከራከር የሚነሱልኝን መልሶች ልዘርዝራቸው፤ ብዙዎቻችሁ ኮሜንት ላይ ልትጽፏቸው እንደሆነ አውቃለሁና።

«ሁላችንም ነው ያየነው፤ እንዴት ሁላችንም እንሳሳታለን?» እኔን የሚያስደነግጠኝ እሱው ነው። አንድ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ስለዚያ ሰው እንቅልፍ ወይም ሕመም እጠይቅ ነበር። አንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ክፍል ውስጥ አንድ ዓይነት ነገር ሲሆኑ ግን የሚጋሩት ምንድን ነው? አየሩ! እናንተ የመንፈስ ማስረጃ ያላችሁት ለእኔ የጋዝ ማስረጃ ነው። ድመቷ ከተልፈሰፈሰች፣ ጫጩቶቹ ከሞቱማ ምንም አልጠራጠርም።

«ጸበል ሄደን ሰባት ቀን ስንቀመጥ ለቀቀን፤ ቤታችን ስንመለስ ተነሳብን።» ይህን በጣም ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ሩቅያ ለማድረግ ዘመድ ቤት የከረሙም፣ ለእንቁጣጣሽ ገጠር ወርደው የተመለሱም እንዲሁ ይሉኛል። እንግዲህ እንተሳሰብ። ቤታችሁን ስትለቁ ማንን ጥላችሁ ሄዳችሁ? ማንደጃውን። ስትመለሱ ማን ጠበቃችሁ? ማንደጃው። ከቤት ሲወጡ የሚሻል፣ ሲመለሱ የሚያገረሽ ሕመም የካርቦን ሞኖክሳይድ ዋና ምልክት ነው። ጸሎታችሁን ተዉ አላልኩም። ቤታችሁ ሆናችሁ ጸሎቱን እንደ ወትሮው ቀጥሉ፤ ከሰሉ ግን ለሁለት ሳምንት ወደ መኝታ ክፍል አይግባ። የተቀየረው አንድ ነገር ብቻ ሲሆን ምን እንደተፈጠረ ራሳችሁ ታዩታላችሁ። ከተሻላችሁ ደግሞ ለማረጋገጥ ብላችሁ መልሳችሁ እንዳታስገቡት፤ ያ ሙከራ ሰው ይገድላል።

«እኛ እኮ ጭሱ ካለቀ በኋላ ነው የምናስገባው።» ያለቀው የሚታየው ጭስ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ዓይን አያቃጥልም፣ አያስልም። ጥቁሩ ጠፍቶ ፍሙ ሲቀላ፣ ላዩም አመድ ሲለብስ ጋዙ እየወጣ ነው። የሚያስጠነቅቀን ጭስ ካለቀ በኋላ መርዙን ብቻ ይዘን ወደ መኝታ ክፍል እንገባለን ማለት ነው። አጠገቡ ውኃ በሳህን የሚያስቀምጡም አሉ፤ ይህ ጋዝ ውኃ ውስጥ እምብዛም ስለማይሟሟ ሳህኑ የሚያደርገው ነገር የለም።

«አያቶቻችን በእሳት ዙሪያ ነው ያደጉት፤ ምን ሆኑ?» አያቶቻችሁ የኖሩት የሣር ክዳን ባለው ጎጆ ውስጥ ነው። ክዳኑ ይተነፍሳል፣ ግድግዳው ይተነፍሳል። (ጭሱ ሳንባቸውንና ዓይናቸውን አልጎዳም ማለቴ አይደለም፤ ያ ሌላ ርዕስ ነው።) የእናንተ ቤት ግን ኮርኒስ አለው፤ መስኮቱ አሉሚኒየም ነው፤ የበሩ ስር በጨርቅ ተወትፏል። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ብርድ እንዳይገባ ያልተደፈነ ቀዳዳ የለም። ያው ከሰል፣ ሌላ ቤት ነው። ደግሞስ በዚያ ዘመን «ሌሊት አጋንንት መታው» ተብሎ የተቀበረው ሁሉ ምን እንደነካው ማን መረመረና ነው?

«ሐኪም ቤት ሄደን ምንም የለባችሁም ተባልን።» እዚህ ላይ አንገቴን ደፍቼ ነው የምጽፈው።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ ስሠራ፣ አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን ይዛ መጣች። ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ድካም። በወቅቱ እንደተለመደው የደም ምርመራ አዘዝኩ፤ «ታይፎይድ ነው» ብዬ መድኃኒት ሰጥቼ ሸኘኋት። ራሱን ያመመውን ሁሉ ታይፎይድና ታይፈስ ማለት ምን ያህል እንደለመደብን ታውቃላችሁ። ከአሥር ቀን በኋላ ተመለሰች። አሁን ደግሞ ትልቁ ልጅ ሌሊት ግድግዳው ላይ ሰው አየሁ ይላል። እኔም ለራሴ «ሴትየዋ ተጨንቃለች» አልኩና ስለ ጭንቀት መምከር ጀመርኩ። አጠገቤ የነበሩ አንዲት አንጋፋ ሲስተር ግን ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው «እናቴ፣ ቤት ውስጥ ከብት፣ ዶሮ፣ ምናምን አለ?» አሏት። ጫጩቶች ነበሩ፤ ሁሉም በአንድ ሌሊት ሞቱ አለች። የመንፈሱ ዋና ማስረጃ ይሄው ነበር። «ጫጩቶቹን የት ነበር የምታሳድሪያቸው?» «እንዲሞቃቸው ብዬ በካርቶን፣ ከከሰሉ አጠገብ።»

ሲስተር ወደ እኔ ዞር ብለው ሲያዩኝ የተሰማኝን ኀፍረት እስከ ዛሬ አልረሳውም። እኔ ልጆቹን ሁለት ጊዜ ወደዚያ ክፍል መልሻቸዋለሁ። ጎረቤቷ «መንፈስ ነው» አላት፣ እኔ «ታይፎይድ ነው»፣ ቀጥሎም «ጭንቀት ነው» አልኳት፤ ልዩነታችን የእኔ በማኅተም መሆኑ ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ከኮቪድ ወዲህ ጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ ገዝታችሁ ቤት ያስቀመጣችሁ አላችሁ። ለብዙ ነገር ይጠቅማል፤ ለዚህ መመረዝ ግን ያታልላል። መሣሪያው የሚያየው ወንበሩ መያዙን እንጂ ማን እንደተቀመጠበት አይደለም። እየተመረዘ ባለ ሰው ላይ 98 ሊያነብ ይችላል። «ኦክስጅኑ ጥሩ ነው» ብላችሁ እንዳትተኙ፤ ይህንን የሚለየው የደም ምርመራ ወይም ለዚህ ተብሎ የተሠራ ሌላ መሣሪያ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ አራስ ቤት ነው። አራስ እንዳይበርዳት ተብሎ ከሰል ይገባል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ መጋረጃ ይወርዳል፣ በሩ ይዘጋል። ክፉ እንዳይነካት ትራሷ ስር ብረት ይደረጋል፤ ብቻዋንም አትተውም። ብቻዋን አለመተዋ መልካም ነው፤ ይህን ባህል እወደዋለሁ። ችግሩ፣ አራሷ ራሷን ሲያዞራት፣ ላብ ሲያሰምጣት፣ «ጥላ አየሁ» ስትል «ጥላ ወጊ ነው» ተብሎ ዕጣኑ መጨመሩ፣ በሩም ይበልጥ መዘጋቱ ነው። ከእናቷ ይልቅ በፍጥነት የምትተነፍሰው ጨቅላ እዚያው ናት። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ጋዙ ወደ ጽንሱ ያልፋል፤ እናትየው ደህና የሆነች ስትመስል እንኳ ጽንሱ ሊጎዳ ይችላል። እግረ መንገዴን፦ ከወለደች በኋላ ከባድ ራስ ምታት ያላት፣ ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚልባት እናት በዚያው ቀን የደም ግፊቷ መለካት አለበት። የሌለ ነገር እያየች፣ እንቅልፍ አጥታ፣ ንግግሯ ከተለወጠም የአእምሮ ሐኪም በአስቸኳይ ያስፈልጋታል። ሁለቱም ከከሰል ጋር አይገናኙም፤ ሁለቱም ግን በ«ጥላ ወጊ» ስም ቤት ይቆያሉ።

አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ከሰል በሌለበት ቤትስ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ትክክል ናችሁ፤ የሚታየው ሁሉ ከሰል አይደለም።

ዱካክ አለ። ተኝተው እያለ አእምሮ ይነቃል፣ አካል ግን አይንቀሳቀስም፤ ደረት ይጨነቃል፣ ክፍሉ ውስጥ ሰው ያለ ይመስላል፣ መጮኽ አይቻልም። በሕልም ሰዓት አካላችን ሕልሙን እንዳይተገብር ጡንቻዎቻችን ይፈታሉ፤ ዱካክ ማለት እነሱ ሥራ ሳይጀምሩ ዓይን ሲገለጥ ነው። ከሰከንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል፣ ያልፋል። እንቅልፍ ያጣ ሰው፣ በጀርባው የሚተኛ፣ የሌሊት ተረኛ፣ ጫት በድንገት ያቆመ ሰው ላይ ይበረታል። ከከሰሉ የሚለየው አንድን ሰው ብቻ መያዙና ሲያልፍ ማለፉ ነው፤ ቤተሰቡን በሙሉ ራስ ምታት አያስይዝም።

ከሦስት ዓመት በላይ ያለ ልጅ እንቅልፍ በወሰደው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ዓይኑን ገልጦ ቢጮኽ፣ እናቱን ባያውቃት፣ ጠዋትም ምንም ባያስታውስ ብዙ ጊዜ ከዕድገት ጋር የሚያልፍ ነገር ነው። አታንቀጥቅጡት፣ ውኃ አትርጩበት፤ እንዳይወድቅ ብቻ ጠብቁት። ትኩሳት ያለው ልጅ ሲቃዥ ግን ትኩሳቱ ይታይ።

ቀን ላይ ሲጫወት ቆይቶ በድንገት አየር ላይ የሌለ ነገር የሚለቅም፣ ግድግዳ የሚያናግር ልጅስ? አስተናግርን አስቡ። በየቆሻሻ መጣያውና በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው፣ ነጭ ረጅም አበባና እሾሃማ ፍሬ ያለው ተክል ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች ምን እንደሚያደርግ አሳምረው ያውቁ ነበር። ፍሬውን የቀመሰ ልጅ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ አፉ ይደርቃል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ገላው ይግላል፣ ልቡ ይፈጥናል፣ ይለፈልፋል። ይህ ሆስፒታል የሚኬድበት መመረዝ ነው፤ ተክሉን ካገኛችሁት ቅጠሉንና ፍሬውን ይዛችሁ ሂዱ።

በሌላ ጽንፍ ደግሞ «መንፈስ የሚባለው ሁሉ ሳይንስ አለው» ብለው መሣሪያ የሚያሳዩ አሉ። እነሱንም በሙሉ ልብ አላምናቸውም። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ቪክ ታንዲ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ፣ በሚሠራበት ላቦራቶሪ ይታየው የነበረው ግራጫ ነገር የአየር ማውጫ ማራገቢያ ከሚፈጥረው፣ ጆሮ ከማይሰማው የ19 ኸርዝ ድምፅ ጋር የተያያዘ ነው ብሎ ጽፏል። የመግነጢስ መስክ ነው ያሉም ነበሩ። ነገር ግን ለንደን ውስጥ የተካሄደና በ2009 የታተመ ሙከራ፣ ሰዎችን አንድ ክፍል እያስገባ ድምፁንና መስኩን ሲከፍትና ሲዘጋ፣ ብዙዎቹ እንግዳ ነገር ተሰማን ቢሉም የተሰማቸው መሣሪያው ከመከፈቱ ጋር አልተያያዘም። «አንድ ነገር ሊሰማህ ይችላል» መባላቸው ራሱ በቂ የነበረ ይመስላል። ስለዚህ የመግነጢስ መለኪያ ይዞ ቤታችሁን «ልመርምር» ለሚል ሰው ገንዘብ አትክፈሉ። የከሰሉ ጉዳይ ግን እንደዚህ አይደለም፤ ጋዙ በደም ይለካል፣ ሰውም ይገድላል።

አሁን ወደ ሥራው። ከሰል በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ የወደቀ ወይም የደነዘዘ ሰው ካገኛችሁ መጀመሪያ በርና መስኮት በርግዱ፤ ራሳችሁ ሳትቆዩ ሰውየውን ወደ ውጭ አየር አውጡት። ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱት፤ ወተት፣ ሎሚ፣ ምንም ነገር በአፉ አታድርጉ፤ የደነዘዘ ሰው ወደ ሳንባው ያስገባዋል። ካልተነፈሰ፣ የምታውቁ ካላችሁ ትንፋሽና የደረት መጫን ስጡት። 907 ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ፤ ካልተገኘ ባገኛችሁት መኪና ሂዱ። ሐኪሙንም ሳይጠይቃችሁ «ቤት ውስጥ ከሰል ነበር» በሉት። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር እንደ እኔ ዓይነቱን ሐኪም ከስህተት ያድናል። ሕክምናው ኦክስጅን ነው፤ በተራ አየር ጋዙ በደም ውስጥ ወደ ግማሽ እስኪወርድ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሲፈጅ፣ ንጹሕ ኦክስጅን በማስክ ሲሰጥ ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል። «ነቅቷል፣ ደህና ነው» ብላችሁ አትቅሩ፤ ነፍሰ ጡርና ሕፃን በተለይ መታየት አለባቸው።

ከተረፈ በኋላም ለሳምንታት ተከታተሉት። አንዳንድ ሰው ደህና ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ ከቀናት እስከ ሳምንታት ዘግይቶ ይረሳል፣ ይተክዛል፣ አረማመዱ ይበላሻል፣ ጠባዩ ይቀየራል። ሰፈሩም «ያኔ የመታው ነገር አልለቀቀውም» ይላል። የዘገየ የአንጎል ጉዳት ነው፤ ወደ ሐኪም መልሱት።

የመኝታ ክፍልን በተመለከተ ድርድር የለኝም፦ ሰው በሚተኛበት ክፍል ከሰል አያድርም። መስኮት ገርበብ ማድረግም ለተኛ ሰው ዋስትና አይደለም። አንድ ክፍል ብቻ ያላችሁ፣ ምግቡም ቡናውም መኝታውም እዚያው የሆነ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ «ሌላ ክፍል ተጠቀሙ» ብሎ መምከር ለእናንተ ስድብ ነው። ስለዚህ በርና መስኮት ከፍታችሁ አብስሉ፤ ከመተኛታችሁ በፊት ፍሙን እስከ መጨረሻው ወደ ውጭ አውጡ፣ በአመድ አዳፍናችሁም ቢሆን ቤት ውስጥ አትተዉት። የተዳፈነ ፍም ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። ብርዱን በብርድ ልብስ፣ በካልሲና በሹራብ ተከላከሉት፤ ጨቅላውን እናቱ ገላዋ ላይ አድርጋ ትሸፍነው። መብራት ሲጠፋ የምታስነሱት ጀነሬተርም ይህንኑ ጋዝ ያወጣል፤ በረንዳ ላይ ወይም መስኮት ስር ሳይሆን ከቤት ርቆ ይቀመጥ።

ውጭ አገር ያላችሁም ከዚህ ነፃ አይደላችሁም። በዲሴምበር 2006 ሲያትል አካባቢ ከባድ አውሎ ነፋስ መብራት ሲያጠፋ፣ ለሙቀትና ለምግብ ከሰል ቤት ውስጥ ያነደዱ ብዙ ሰዎች ተመርዘዋል፣ የሞቱም አሉ፤ ከተጎዱት ብዙዎቹ ስደተኞች ነበሩ። አፓርታማችሁ ውስጥ ለቡናና ለዕጣን ከሰል የምታያይዙ ከሆነ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል ግዙና መኝታ አጠገብ ስቀሉ። ኮርኒሱ ላይ ያለው የጭስ ደወል ይህንን ጋዝ አያውቀውም፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ደወሉ ከጮኸ ባትሪውን አውጥታችሁ አትተኙ፤ ሁላችሁም ውጡና የእሳት አደጋ ደውሉ።

ስለ ቤታችሁ ልትጽፉልኝ የምትፈልጉ ጻፉ፤ አልስቅባችሁም። ስትጽፉ ግን እነዚህን አትርሱብኝ፦ ቤት ውስጥ ስንት ሰው ነው የሚሰማው? በስንት ሰዓት ይጀምራል? ከቤት ውጭ ስታድሩ ይሻላችኋል? ጠዋት ራሳችሁን ያማችኋል? ድመት ወይም ዶሮ ሞቶባችኋል? ከሰሉስ፣ ማታ የት ነው የሚያድረው?